መደርደሪያው ላይ ያደረው ዘይት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ጠበል እየጠጣን ሳለ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነጠላዋን እያስተካከለች አጠገቤ መጣችና «እትዬ፣ በድሮ ዋጋ የተገዛን ዕቃ በአዲስ ዋጋ መሸጥ ኀጢአት ነው?» አለችኝ። ሁለት ጓደኞቿ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል። ጉባኤያቸው ላይ ተከራክረው ተከራክረው ስላልተስማሙ «ሱቅ ያላትን እንጠይቃት» ተባብለው መምጣታቸው ነው። እዚያው በቁሜ በሁለት ቃል ልመልስላት አልወደድኩም። ጥያቄው ከመደርደሪያ ጀርባ የሚቆም ክርስቲያን ሁሉ ሌሊት ሲያገላብጠው የሚያድር ነው፤ «እጽፍልሻለሁ» አልኳት። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

የምኖረው ደሴ ነው። ሱቁ የአባቴ ነበር፣ እሱ ሲያርፍ ለእኔ ቀረ። ዘይት፣ ስኳር፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ሳሙና፣ ሻማና ጧፍ እሸጣለሁ። እኔና እህቶቼ የተማርነው በዚያ ሱቅ ነው፣ ልጆቼም አሁን የሚማሩት በእሱ ነው። በግራዬ ያለው ሱቅ የሙስሊም ጎረቤቴ ነው። ዓርብ ለጁምዓ ሲሄድ የእሱን ደንበኛ እኔ አስተናግዳለሁ፤ እሑድ ጠዋት ቸኩሎ የመጣ ካለ ደግሞ እሱ ለእኔ ይሸጥልኛል፣ ሒሳቡንም በወረቀት ጠቅልሎ ያስቀምጥልኛል። ይህን የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር የክርስቲያኖች ብቻ ጣጣ እንዳልሆነ እንድታውቁት ነው። እነሱም ዘንድ ዋጋ እስኪወደድ ብሎ እህል መደበቅ የተወገዘ ነው፣ ጎረቤቴ ደጋግሞ ነግሮኛል።

ወደ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ልመልሳችሁ። ሰኞ ነው፣ የገበያ ቀን ነው፣ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ከተማውን ሸፍኖታል። ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ገበያው ይወስነው ብሎ የለቀቀው ያን ዕለት ነው። ዓርብ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ሰኞ ጠዋት ንግድ ባንክ ላይ ከ74 ብር በላይ ሆኖ ተገኘ፣ ነሐሴ ሳያልቅም መቶን አለፈ። ዛሬማ ከዚያ ሰኞ በፊት ከነበረበት ከእጥፍ በላይ ነው። የሀገራችን የምግብ ዘይት ደግሞ በዶላር የሚመጣ ነው፤ እዚሁ ተጣርቶ የሚታሸገውም ቢሆን ጥሬው በአብዛኛው በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ በከባድ መኪና የሚገባ ነው። ወቅቱን ደግሞ አስቡት፦ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ሕፃን ሽማግሌው የሚጾመው ጾም ነው፤ ቅቤው ተሰቅሎ ወጡ ሁሉ በዘይት የሚሠራበት ወቅት። ዘይት እንዲወደድ ቀን ምረጡ ብንባል ከዚያ የባሰ ቀን አንመርጥም ነበር።

በዚያ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከላይ እስከ ታች ባለው መንገዳችን «ዘይት የለም» የሚል ቃል ብቻ ነበር የሚሰማው። ጠዋት በግልጽ ተደርድሮ የነበረ ጀሪካን ከሰዓት ወደ ጓዳ ገባ። አንዳንዱ ሱቁን ጭርሱን ዘጋ። አከፋፋዮች ስልክ ማንሳት ተዉ፤ ያነሱትም «ዋጋ አልወጣም፣ ነገ ደውሉ» ይላሉ። በየከተማው ዋጋ ጨመራችሁ፣ ዕቃ ደበቃችሁ እየተባለ ሱቆች መታሸግ የጀመሩትም ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ልጆቹ የተከራከሩበት ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ሱቅ የሌለው ሰው ነገሩ ግልጽ ይመስለዋል፦ ዘይቱን በርካሽ ገዝተሃል፣ በርካሽ ሽጥ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። እስቲ ለምሳሌ ያህል 20 ጀሪካን ባለ አምስት ሊትር ዘይት አንዱን በ900 ብር ገዝቻለሁ እንበል። በ950 ብሸጠው 19,000 ብር አገኛለሁ። አከፋፋዩ ጋ ስሄድ ግን አንዱ 1,200 ገብቷል፤ በያዝኩት ብር የምገዛው 15 ጀሪካን ብቻ ነው። እነዚያን 15 በ1,250 ሸጬ፣ ከበፊቱ የተረፈኝንም ጨምሬ ስመለስ ዋጋው 1,400 ቢሆን 14 ይዤ እመጣለሁ። ሱቁ ምንም ሳይሰረቅ፣ ምንም ሳይቃጠል በየወሩ ያንሳል። ዓመት ሳይሞላ ቁልፉን አስረክባለሁ፣ የሰፈሩም እናት ለአንድ ሊትር ዘይት ፒያሳ ድረስ ትወጣለች። ይህን ሒሳብ ሳያውቁ ነጋዴን ሁሉ ሌባ ብለው ከዐውደ ምሕረት ላይ የሚዘልፉ ሰባኪያን ያሳዝኑኛል። የሚዘልፉት ሰው እግራቸው ሥር ተቀምጦ ነው የሚሰማቸው፤ የሚይዘው ምክር ግን አያገኝም።

በሌላ በኩል «ገበያው ነው» የሚለው መልስም አለ። ይህን መልስ እፈራዋለሁ። ዋጋውን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ማርከሩ በእኔ እጅ ነው። ያ ጓዳ የገባው ዘይት ማታ በ900 የተገዛ፣ ጠዋት በ1,250 የወጣ ከሆነ በአንድ ጀሪካን 350 ብር ነው፣ በ20 ጀሪካን 7,000 ብር። በአንድ ሌሊት። ያን ብር ማን ሰጠ? የፍልሰታ ሱባኤ ልትገባ ስንቋን የምታዘጋጅ ባልቴት ናት የሰጠችው።

አባቴ በደርግ ጊዜም፣ ከዚያም በኋላ የያዘው አንድ ደንብ ነበረው፤ እኔም እሱን ይዣለሁ። በወሬ ዋጋ አይጨመርም። አከፋፋዩ ቆርጦ ዋጋ ነግሮኝ፣ ከፍዬ፣ ዕቃው ሱቄ እስኪገባ ድረስ መደርደሪያ ላይ ያለው በነበረበት ይሸጣል፣ ለአንድ ቤት አንድ ጀሪካን ብቻ። አዲሱ ሲመጣ የቀረኝን የድሮና የአዲሱን ዋጋ ደምሬ አማካዩን እወስዳለሁ። በዚያው ምሳሌ እንሂድ፦ 20ው በ900፣ 20ው በ1,200 ከሆነ አማካዩ 1,050 ነው፤ የተለመደችዋን 50 ብር ጨምሬ በ1,100 እሸጣለሁ። በዚያ ብር መልሼ ስገዛ 36 ጀሪካን አገኛለሁ፣ አራት ይጎድለኛል። አራት መጉደሉን እችለዋለሁ፤ ባለቤቴና እኔ ተነጋግረን የተስማማንበት ነው። 20ው 15 ሲሆን ግን አልችለውም። ንስሓ አባቴን ጠይቄያቸው «ልጄ፣ ሱቅሽን ዝጊ የሚል ትእዛዝ የለም» ነው ያሉኝ። እንግዲህ ለዚያች ልጅ የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነው፦ የመግዣዬ ዋጋ በእርግጥ ከጨመረ መጨመሬ ብቻውን ኀጢአት አይደለም። ስንት፣ መቼ፣ ለማን የሚለው ነው የሚመረመረው።

ሁለተኛው መልስ ግን ይከብዳል። ነሐሴ 2017 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከመስከረም ጀምሮ እንደሚጨምር ተነገረ፤ ዝቅተኛው ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር። ያን ሳምንት አከፋፋዬ ምንም አልጨመረብኝም። ከኮምቦልቻ የሚያመጣልኝ መኪናም ኪራይ አልጨመረም። ሆኖም መንገዳችን ላይ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ሳሙናው ሳይቀር ወደ ላይ ወጣ። የቤት ኪራይ የጨመሩም ነበሩ። ጭማሪው የመምህሯ እጅ ሳይገባ እኛ ተካፈልነው። እዚህ ላይ የሒሳብ ማመካኛ የለም። ሐምሌ 2016 ላይ የጨመረው የእኔ መግዣ ነበር፣ ነሐሴ 2017 ላይ የጨመረው የገዢዬ ኪስ ነው። በገዢዬ ኪስ ልክ ዋጋ ስሰቅል የሰው ወዝ እየቀማሁ ነው። ልጄ፣ ኀጢአት ነው ወይ ላልሽኝ፣ ይህኛው ነው፤ በሙሉ አፌ እልሻለሁ።

ነቢዩ አሞጽን ሳነብ ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ አንድ ነገር አለ። በምዕራፍ 8 ላይ የሚወቅሳቸው ነጋዴዎች ሃይማኖት የሌላቸው ሰዎች አይደሉም። ሰንበት ያከብራሉ፣ መባቻውን ያከብራሉ፣ በዚያ ቀን ሱቅ አይከፍቱም። ልባቸው ግን ጎተራው ላይ ነው፤ መባቻው መቼ ያልፋል፣ ሰንበቱ መቼ ያበቃል፣ ስንዴውን አውጥተን መስፈሪያውን አሳንሰን፣ ዋጋውን አብዝተን እንሸጥ ይላሉ። የነጋዴዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ አከፋፋዮች የዕለቱን ዋጋ የሚለቁበት። በዚያ ፍልሰታ ዋጋ በቀን ሁለት ጊዜ ሲለዋወጥ፣ ቅዳሴው እየተቀደሰ ነጠላ ሥር የሚበራ የስልክ መብራት እዚህም እዚያም አይ ነበር። ጾሙን ጾመናል፣ ቅዳሴውንም ቆመናል። እኔ ስልኬን ቤት ትቼ ነው የምሄደው፤ ልቤ ግን ከእኔ ጋር ነው የሚሄደው፣ ቤት አይቀርም። «አቤቱ ማረን» እያልኩ ስለ ጀሪካን እንዳላስብ የምለምነው ልመና አለኝ፣ እስካሁንም እለምነዋለሁ።

ስለ ወሎ ስናወራ ደግሞ የ1965 እና የ66ቱን ረሀብ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። አባቴ ያኔ ወጣት ነበር፣ አንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ ይላላካል። የሚነግረን ነገር በልጅነቴ አይገባኝም ነበር፤ «እህል ጠፍቶ አልነበረም፣ መግዣ ጠፍቶ ነው» ይለናል። በኋላ ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ያጠናውን ሳነብ አባቴ በዓይኑ ያየውን በቁጥር ተጽፎ አገኘሁት። ሕዝቡ እያለቀ ሳለ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልጨመረም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው አዝመራው ከደረቀ፣ ከብቱ ካለቀ በምን ይግዛ? ዋና መንገዱ ዳር ተቀምጦ እህል የጫነ መኪና ሲያልፍ እያየ ሞተ። አባቴ ያን መኪና ጭኖ ያውቃል። ሱቅ ከከፈተ በኋላ ዋጋ አሳንሶ መለጠፍ ብቻውን በቂ ነው ብሎ አያውቅም፤ በሩ ላይ ቆሞ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ የሚመለሰውን ሰው በዓይኑ ይከተል ነበር። «ማነው? የት ነው ቤቱ?» ይለኛል። ዱቤ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የዱቤ ደብተሬ ካርቶን ሽፋኑ በዘይት ርሷል። ስሞቹ የመታወቂያ ስሞች አይደሉም፦ «የመንታዎቹ እናት»፣ «ባለ ሰማያዊ በር»፣ «መምህሩ»፣ «ቆርቆሮ መቺው»። መምህሩ የወሰደውን ራሱ ይጽፋል፣ ስሙንም በጥሩ እጅ ጽሑፍ ይፈርማል። የመንታዎቹ እናት ማንበብ አትችልም፤ ስጽፍ ጣቷን ከመስመሩ አጠገብ አስቀምጣ «ስንት ሆነ?» ትላለች፣ እኔም ጮክ ብዬ እደምርላታለሁ። ብዙ ሱቆች «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞክሩ» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። አልፈርድባቸውም። ገንዘብ በየወሩ በሚረክስበት ጊዜ ዱቤ መስጠት እንዴት እንደሚያደክም አውቃለሁ፤ ሐምሌ ላይ የሰጠሁት ዘይት ጳጉሜን ላይ ሲከፈለኝ ያ ብር ዘይቱን አይገዛም። ስለዚህ የማደርገው ይህ ነው፦ ዱቤውን በተወሰደበት ቀን ዋጋ ጽፌ በዚያው እቀበላለሁ፤ መጠኑን ግን እወስናለሁ። ለአንድ ቤት እስከዚህ ድረስ ብዬ ቁርጥ አድርጌ እነግራለሁ። የማልችለውን ሰጥቼ በኋላ ሰው ከማሳድድ፣ ፊት ለፊት «ከዚህ በላይ አልችልም» ማለት ይሻላል።

መያዣ መቀበልን በተመለከተ ግን ጸንቼ የምቃወመው ነገር አለ። አሁን አሁን ስልክ መያዣ መቀበል እየተለመደ ነው። ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ የባልንጀራህን ልብስ መያዣ ከወሰድክ ፀሐይ ሳትገባ መልስለት ይላል፤ ምክንያቱንም ይናገራል፦ የሚለብሰው እሱን ብቻ ነውና፣ በምን ይተኛል? ቆርቆሮ መቺው ያለችው አንዲት ስልክ ናት። ሥራ የሚጠራው በእሷ ነው፣ የቀን ገንዘቡ የሚላክለት በእሷ ቴሌብር ነው፣ ኮምቦልቻ ያለች እናቱ ታማ ቢሆን የሚሰማው በእሷ ነው። በ600 ብር ዘይትና ሽሮ ያችን ስልክ መሳቢያዬ ውስጥ ባስገባ ነገ በምን ሠርቶ ይከፍለኛል? ሕጉን የሰጠው ጌታ የድሀውን ሌሊት ሳይቀር አስቦለታል፤ የምንበደርና የምናበድር ሰዎች የሰውየውን ነገ ልናስብለት ይገባል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ሁሉ ለእኔ ለባለሱቅ የተጻፈ የሚመስለኝ ታሪክ በካልእ ነገሥት ምዕራፍ 4 ያለው ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ወደ ኤልሳዕ መጥታ ትጮኻለች፤ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ ደርሷል። ባሏ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፣ እሷም ይህንኑ ለነቢዩ ታስታውሰዋለች፤ እግዚአብሔርን እየፈራ ዕዳ ውስጥ የገባ ሰው ነበረ ማለት ነው። ለዚህ ነው ድሀን ሁሉ «ሰነፍ ስለሆነ ነው» የሚሉ ሰዎችን የማልሰማቸው። ኤልሳዕ በቤትሽ ምን አለሽ ይላታል። ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም የላትም። ሂጂ፣ ከጎረቤቶችሽ ሁሉ ባዶ ዕቃ ተዋሺ፣ ጥቂትም አይሁን አላት። በሩን ዘግታ፣ ልጆቿ ዕቃውን እያቀረቡላት ቀዳች፤ ባዶ ዕቃ እስኪያልቅ ድረስ ዘይቱ አልቆመም።

ይህን ስንሰብክ ተአምሩ ላይ እናቆማለን። እኔ ግን ቀጥሎ ያለው ልቤን ይነካዋል። ነቢዩ ሂጂ፣ ዘይቱን ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈይ፣ በተረፈው ከልጆችሽ ጋር ኑሪ አላት። ተአምሩ ገበያ ወጣ። ያ ዘይት በሆነ ዋጋ ተሸጠ፣ አንድ ሰው ገዛው፣ አበዳሪው ብሩን ተቀበለ። እግዚአብሔር ከገበያ አልሸሸም። ጎረቤቶቿስ? ያንን ያህል ባዶ ዕቃ ማን አዋሳት? መከራዋ እስከዚያ ድረስ ቤቷ ውስጥ ተዘግቶ የነበረ ይመስላል፤ ልጆቿ ሊወሰዱ ሲሉ መንደሩ የት ነበር? ነቢዩ በየበሩ እንድታንኳኳ አደረጋት፤ ዘይቱ ሊሞላ የቻለውም ጎረቤት ባዋሳት ዕቃ ልክ ነው። ተአምሩ እንኳ በጎረቤት እጅ በኩል ነው ያለፈው።

በእኛ ሰፈር ባዶ ዕቃ ማለት ሃይላንድ ነው። ጀሪካን የማይችል ሰው በግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ሲብስም በትንሿ ጠርሙስ ዘይት ሊቀዳ ይመጣል። ስለዚህ ነገር ብዙ ሰው አያውቅምና ልናገር፦ ድሀ ዘይትን ከሀብታም ይልቅ በውድ ነው የሚገዛው። ጀሪካን የገዛው ለሊትሩ የሚከፍለውና በሃይላንድ የሚቀዳው የሚከፍለው አይገናኝም፤ ሲደመር አምስቱ ሊትር የአንድ ተኩል ጀሪካን ዋጋ የሚያወጣበት ሱቅ አለ። ሥራ አለው፣ እውነት ነው፤ ትቀዳለህ፣ ይፈሳል፣ እጅህ ይቀባል። ግን የዚያ ድካም ዋጋ ያን ያህል አይደለም። እኔ በሃይላንድ የምቀዳውን በጀሪካኑ ሊትር ዋጋ ነው የምሸጠው፤ ለማንጠባጠቡ አንድ ሁለት ብር እጨምራለሁ። የሰፈሩ ልጆች ይህን ስለሚያውቁ ከሩቅ ይመጣሉ፣ አንዳንዴም ሰልፍ ይሆናል። ከሽያጭ ሁሉ ትንሿን ትርፍ የማገኝበት ነው፤ ብዙ ሰው በስሙ የማውቀውም በእሱ ነው።

ቅዳሴውን በስሙ የምንቀድስለት ቅዱስ ባስልዮስ በ368 እ.ኤ.አ. ገደማ ቀጰዶቅያ ላይ ረሀብ ሲገባ ያደረገውን አስታውሱ። እህል ያከማቹትን ሀብታሞች ስብከቱ ውስጥ ፊት ለፊት ተናገራቸው፤ ያከማቻችሁት እንጀራ የተራበው ሰው ድርሻ ነው አላቸው። ወዳጁ ጎርጎርዮስ እንደሚመሰክርለት ጎተራቸውን አስከፈተ፣ ረሀብተኞቹን አንድ ቦታ ሰበሰበ፣ ትልልቅ ድስት ጥዶ የጥራጥሬ ሾርባ አቀረበላቸው፣ ራሱም ታጥቆ አስተናገደ። ተናግሮ ብቻ አልቀረም። ሰባኪያኖቻችን እንዲህ እንዲሆኑልን እመኛለሁ። አንድ ቀን ጉባኤ ላይ «አትስረቅ» ከማለት አልፈው «በሃይላንድ ስትቀዱ በሊትር ስንት ትወስዳላችሁ?» ብለው ቢጠይቁን ብዙዎቻችን መሬት መሬት እናይ ነበር። ከዚያም አዳምጠውን «ኪራይ ስንት ትከፍላላችሁ? ግብሩስ እንዴት ነው? መንገድ ሲዘጋ ምን ትሆናላችሁ?» ቢሉን መንገዱ በተዘጋበት ሰሞን ምን ያህል ሌሊት እንደማንተኛ እንነግራቸው ነበር። ሁለቱም ጥያቄ አንድ ላይ ሲጠየቅ ነው ነጋዴ ንስሓ የሚገባው።

በ2017 የዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22። ያኔ በመንገዳችን ላይ ያለን ባለሱቆች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከጎረቤቴ ሱቅ ኋላ ጓዳ ተቀምጠን ተነጋገርን። ሁላችንም ለየብቻ ከኮምቦልቻ ዘይት ስናመጣ ለየብቻ ኪራይ እንከፍላለን፣ አከፋፋዩም ለትንሽ ዕቃ ዋጋ አይቀንስልንም። አንድ አይሱዙ አብረን ብንጭን ሐረጎን ዳገት የሚወጣው መኪና አንድ፣ ኪራዩም አንድ ነው። ሞከርነው፤ በአንድ ጀሪካን ላይ የሚታይ ቅናሽ መጣ። ቅናሹን ለሁለት እንክፈለው ተባለ፣ ግማሹ ለሱቁ፣ ግማሹ ለገዢው። እኔ ከግማሽ በላዩ ለገዢው ይሁን ብዬ ነበር፣ አልተስማሙልኝም፤ ግማሹም መልካም ነው።

ዘንድሮም በነቢያት ጾም እንደገና እንጭናለን። የሚቀጥለው ጭነት ከገና በፊት እንዲደርስ ገንዘቡን እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ እናዋጣለን፣ ሰብሳቢው ጎረቤቴ ነው። ዋጋውን ሁላችንም በአንድ ቀን፣ በካርቶን ላይ በማርከር ጽፈን በየበራችን እንለጥፋለን፤ የጀሪካኑም፣ በሃይላንድ የሚቀዳውም ለየብቻ ይጻፋል። ልጄ፣ አንቺና ጓደኞችሽ ደግሞ በዚያ ሰሞን ብቅ በሉና ካርቶኖቹን እያነበባችሁ በየሱቁ ዙሩ። የማይመሳሰል ካገኛችሁ፣ የእኔም ቢሆን፣ ገብታችሁ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ።